በረንዳ ቆጥሮ ካፌ መክፈት

በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ፣ የኮንዶሚኒየሙ ቀለም ሳይደርቅ የካፌ ቢዝነስ ፕላን ይዞ ባለገንዘብ ፍለጋ የሚሮጠው ባለ ራዕይ ምስጋና ይገባዋል። እኛ ሕንፃ ስናይ እሱ በየበረንዳው ማኪያቶ ይታየዋል። በረንዳውን ቆጠረ፣ በአራት ሰው አባዛ፣ ለነፍስ ወከፍ በቀን አንድ ሲኒ አደለ። በቃ፣ ገበያው ተጠና! "ብዙው ቤት ገና ሰው አልገባበትም፤ የገባውም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለአውቶቡስ ተሰልፎ የሚመለሰው ምሽት 2 ሰዓት ነው" የሚል ምቀኛ አይጠፋም። አይስማው። ረፋድ ላይ ደላሎች አሉለት፤ አንድ ማኪያቶ ለአራት ከበው እስከ ማታ ቤት ያሻሽጣሉ፤ ወንበሩ መቼም አይቀዘቅዝም።

ሒሳቡማ ልዩ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ለሲኒ 7 ግራም፣ ይኸው 142 ሲኒ። ቡና ሲቆላ ከኪሎው ከ150 እስከ 200 ግራም እንደሚቀንስ ምጣድ የጣደች ሁሉ ታውቃለች፤ ፕላኑ ግን ለተራ ነገር ጊዜ የለውም። ለሲኒ 8 ግራም ቢገባ፣ ባሬስታው በየጠዋቱ መፍጫውን እስኪያስተካክል የሚደፋው ቢቀነስ፣ 100 ሲኒ ከተገኘ ተመስገን ነው። የቀረው 40 ሲኒ ወረቀት ላይ ይጠጣል፤ ትርፉም ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ወተቱ ዓመቱን ሙሉ በቀን እኩል ሊትር ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት እዚያ ሰፈር አይደርሱም። ሜኑው ላይ ስፕሪስ እንኳ የለም። የሰማይዋ ላም ለሱ ውል ትፈርማለች።

ባለ ሁለት ግሩፑ፣ ማለትም ሁለት ቡና ማውጫ ያለው፣ የቡና ማሽን ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ፍሪጁ፣ የኬክ ማሳያውና የጁስ መፍጫው አብረው ሲነሱ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ደንበኛውም በጨለማ ይዝናናል። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ከጉድጓድ የመጣ ከሆነ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ላይ የምናየውን ነጭ ነገር ቦይለሩ፣ ማለትም የማሽኑ ውሃ ማፍያ ጋን፣ ውስጥ ይጋግራል። ማሞቂያው ይሸፈናል፣ ቧንቧው ይጠባል፣ እንፋሎቱ ይደክማል፣ ወተቱ አረፋ አልይዝም ይላል። የውሃ ማጣሪያና ማለስለሻ በጀት ነበረው፤ ለፎቶ መነሻ ግድግዳ ዋለ። ብልህ ውሳኔ ነው፤ ቦይለርን ማን ፎቶ ያነሳል? የተረፈውንም የ6 ወር ቅድሚያ ኪራይ ወሰደው።

"ተፎካካሪ" በሚለው ርዕስ ሥር "የለም" ተብሏል። ደጃፉ ላይ ረከቦት ዘርግታ፣ በከሰል ጀበና ጥዳ፣ ስድስት በርጩማ የደረደረችው እህታችን ተፎካካሪ አትባልማ። መብራት ጠፋ አልጠፋ አይገዳት፣ ወተት አትጠይቅ። የአውቶቡሱ ሰልፈኛ ሥራ ሳይገባ አንድ አቦል ይላል፤ ካፌው የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ከነሙዚቃው።

ታዲያ በአምስተኛው ወር "ብዙም ያልሠራ ማሽን ከነመፍጫው ይሸጣል" የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። ገዢ ሞልቷል፤ ቦይለሩ ይከፈትልኝ የሚል ግን የለም። ውስጡ ያለው ነጭ ድንጋይ ምርቃት ነው።