አዳማ ምን ብርድ አለ?

የአዳማን ሰው በሐምሌ መሀል መንገድ ላይ አግኝታችሁ «በረደህ እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁት። በፍጹም አይበርደውም። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ፣ የሚስቱን ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሁለት እጁን ብብቱ ስር ወትፎ «አዳማ ደግሞ ምን ብርድ አለ? ትንሽ አየር ነው እንጂ!» ይላችኋል። ሲናገር ጥርሱ ይንገጫገጫል። እሱም የአየሩ ነው።

አይፈረድበትም። የዚህ ከተማ ሰው ኩራቱ ሙቀቱ ነው። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጠናል። አዲስ አበቤው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በፈጣን መንገዱ እየከነፈ ሊሞቅ ይመጣብናል። ጃኬቱን መኪናው ውስጥ ጥሎ ሲወርድ ደረታችንን ነፍተን እንቀበለዋለን። ፀሐይዋን እኛ ያስገጠምናት ነው የሚመስለን። እንዲህ ያለ ሕዝብ በየትኛው አፉ በረደኝ ይበል? እንግዳው በሐምሌም ይመጣል። በካናቴራ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ «ይሄ ነው እንጂ አየር!» ይላል። ጋባዡ ጋቢውን ሶፋ ስር ደብቆ ያን ሁሉ ሰዓት አብሮት በካናቴራ ይቀመጣል። እንግዳው ሲሄድ ነው አልጋ ላይ የሚወድቀው።

ኩራት ግን አይለበስም። ቁም ሳጥናችን በሸሚዝና በነጠላ ጫማ የተሞላ ነው። ስለዚህ ሰኔ ግም ሲል ሁሉም እየተደባበቀ ወደ ሰልባጅ ተራ ይሄዳል። እዚያ ቦንዳ ሲፈታ ያልታየ ነገር የለም። «ይሄ የበረዶ ነው! የበረዶ!» እያለ ይጮሃል ሻጩ። በረዶ ያየው ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ብቻ ነው።

አንድ የሰፈራችን ሰው ገዝቶ የመጣውን ጃኬት ቀረብ ብዬ አይቼዋለሁ። ብርቱካናማ ነው። ዚፑ እስከ አፍንጫ ድረስ ይዘጋል። ክንዱ ላይ ፈረንጆቹ የበረዶ ሸርተቴ ትኬታቸውን የሚከቱበት የላስቲክ ኪስ አለው፤ እሱ የቀበሌ መታወቂያውን ከቶበታል። ኮሌታው ስር በእስክሪብቶ የፈረንጅ ልጅ ስም ተጽፏል። እጅጌው ግን የባለቤቱን ጣቶች ውጦ ተንጠልጥሏል።

«የልጅ ነው እንዴ? ታዲያ እንዴት እንዲህ ሰፋ?» አልኩት።

«የሚያድግበት ይሆናላ፤ ወላጆቹ አስበው ነው የገዙለት» አለኝ።

በሐምሌ ጠዋት በፖስታ ቤት በኩል ብታልፉ ሕዝቡ ራስ ዳሽን ለመውጣት የተሰለፈ ነው የሚመስለው። የሚሄደው ግን ዳቦ ሊገዛ ነው።

በሰፈራችን አይበርደኝም ሲል የሚታመን አንድ ሰው ብቻ አለ። የቦቆጂ ልጅ ነው። ደራርቱና ቀነኒሳ ከወጡባት፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ከተቀመጠችው የአርሲ ከተማ ማለት ነው። እኛ ተኮራምተን ስናልፍ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ መኪና ያጥባል። «ይሄ ብርድ አይባልም፤ ዝናብ ነው» ይለናል። «ብርድ እኛ ጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ጥርት ይልና ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በክረምትማ ደመናው የቀኑን ሙቀት ይይዛል።» ልክ ነው፤ በደጋው አገር ውርጭ የሚበረታው በበጋ ሌሊት ነው። እውነት መናገሩ ነው ያስጠላን። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችንን ቀነስንበት።

ክረምት በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ለሰበብ ሲሆን ግን ከግንቦት ጀምሮ ያገለግላል። ዕቁብ ያልከፈለ፣ ለቅሶ ያልደረሰ፣ ሥራ የቀረ፣ ሁሉም «ዝናብ ይዞኝ ነው» ይላል። የአዳማ ዝናብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ደርሶ፣ ወርዶበት፣ ወርዶበት የሚያባራ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ይዞ የሚውልበት ጊዜ የለውም። አንድ ብድር ያለበት ወዳጄ አበዳሪው ሲደውል ስልኩን ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሮጣል። ቧንቧውን ሳፋ ላይ ይለቀውና «ሄሎ! ሄሎ! አይሰማም፣ ቆርቆሮው ላይ እየወረደብን ነው!» ይላል። አበዳሪው የሚኖረው ከአጥሩ ወዲያ ነው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ ነው የደወለው።

ባጃጆቹም ከሰማይ ጋር የተዋዋሉ ይመስለኛል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ፍራንኮ ሰፈር ላይ ጠብ ስትል ታሪፍ የሚባለው ነገር አብሮ ይጠፋል። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ።

«ኮንትራት ነው ማዘር፤ ዝናብ ነዋ!»

«ዝናቡን አንተ ነህ የምታዘንበው?»

«ዝናቡ የእግዜር ነው፤ ባጃጁ ግን የኔ ነው።»

እሳቸውም ገቡ። በሸራው ቀዳዳ የእግዜሩም እየወረደባቸው ሄዱ።

ስለ መብራት ብዙ ባልናገር ይሻላል። ከከተማችን አጠገብ ጋራው ላይ የንፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል። የመጀመሪያዎቹ 51 ሜጋ ዋት፣ በኋላ የተጨመሩት 153 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። በድምሩ 204 ነው። ዝናብ ሲመጣ ነፋሱ ይነሳል፤ ክንፎቹ ይሽከረከራሉ፤ የኛ ቤት ይጨልማል። የጎረቤቴ ልጅ መስኮት ላይ ቆሞ «አባዬ፣ ያ የሚዞረው የማነው?» ሲል ጠየቀ። «የአገር ነው» አለው አባቱ ሻማ እየፈለገ። ልጁ ጥቂት አሰበና «እኛስ?» አለ። አባትየው ሻማውን ያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ሳይመልስለት ቀረ።

የማይደርቀውን ካልሲ፣ በሁለተኛው ቀን የሚሻግተውን እንጀራ፣ ከሰል ሻጩ ከሰል ብሎ የሚሸጥልንን ውሃ ልለፈው። ሐኪም ስለሚሆነው ሕዝብም አላወራም፤ አንድ ጊዜ ካነጠሳችሁ አንዱ ዳማከሴ፣ ሌላው ፌጦ፣ ሦስተኛው «አንድ መለኪያ አረቄ ብቻ» ያዝላችኋል። አረቄ ያዘዘው አብሮ ይታከማል።

ዋናው ጉዳይ ጎርፉ ነው።

አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የታጠረች ጎድጓዳ ቦታ ናት። ጋራው ላይ የዘነበው ሁሉ አድራሻው እኛ ነን። አንዳንዴ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ጎርፍ ይመጣል፤ ሰዉ ፀሐይ መነጽር እንዳደረገ ሱሪውን ጠቅልሎ ይሻገራል። መሄጃ ተብሎ ዲች ተቆፍሮለታል። ችግሩ ዲቹ ውስጥ እኛ ቀድመን ገብተናል። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ አንድ እግር ቦቲ። በበጋ ያጠራቀምነውን ቆሻሻ ይዘን የመጀመሪያውን ዝናብ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ሲመጣ ከግቢ ወጥተን ዘርግፈን «ጎርፉ ይውሰደው» እንላለን። ጎርፉም ይወስደዋል። ሁለት ቤት ያህል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ራሱን መከላከል ጀመረ። አንደኛው የበሩን ደፍ በሲሚንቶ አንድ ስንዝር ከፍ አደረገ። ውሃው ወደ ቀጣዩ ሄደ። እሱ ደግሞ ሁለት ስንዝር ከፍ አደረገ። ሦስተኛው በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ ደረደረ። አሁን በኛ ሰፈር ወደ ሰው ቤት የሚገባው ተራምዶ ሳይሆን ወጥቶ ነው። ሽማግሌዎች ከእንግድነት ይልቅ በስልክ መጠየቅን መርጠዋል። የሁላችንም ውሃ በመጨረሻ የሚያርፈው ከታች ጥግ ያሉት ጡረተኛ መምህር ደጃፍ ላይ ነው። እሳቸው ቤታቸውን የሠሩት ሰፈሩ ገና ሜዳ ሳለ ነው። ደፋቸውን ከፍ እንዳያደርጉ ጡረታው አልፈቀደም።

የላይኛውን ጎረቤታችንን አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄ ውሃ እኮ በቀጥታ ወደ መምህሩ ነው የሚሄደው» አልናቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ? ቆቃም ሲሞላበት ይለቃል» አሉ።

መልስ አጣንላቸው። ቆቃ እውነትም ሲሞላ ይለቃል። ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽን ይዟል። ክረምቱ ሲጠና ታች ያሉት የወንጂ ሰዎች «ሊለቀቅ ነው» የሚለውን ወሬ እየሰሙ ነው የሚያድሩት። ግን ግድብ ከመልቀቁ በፊት ያስጠነቅቃል። ጋሼ አያስጠነቅቁም።

በተለይ ሌሊቱን ብታዩት! ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ያወርደዋል። በየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ቀስ ብሎ ይነሳል። መብራት የለም። በሩ እንዳይንጫጫ በአንድ እጁ ደግፎ ይከፍታል። ጋቢው ላይ ላስቲክ ደርቦ፣ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ፣ አካፋውን ይዞ ይወጣል። ዓላማው አንድ ነው፤ ውሃውን በትንሽ ቦይ ወደ ጎረቤቱ መምራት። መንገዱ መሀል ላይ ከጎረቤቱ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። እሱም አካፋ ይዟል። ሁለቱም አካፋቸውን ወደ ኋላ ይደብቃሉ።

«እንዴት አመሸህ?»

«እግዜር ይመስገን። ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና። ምን ሆነህ ወጣህ?»

«እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ነው። አንተስ?»

«ውሻው ጮኸ መሰለኝ።»

ውሻ የለውም። ሁለቱም የአዳማ ክረምት እንዴት እንደከፋ፣ ድሮ እንዲህ እንዳልነበር፣ የዘንድሮ ጤፍ ምን እንደሚሆን እያወሩ ጎርፍ ውስጥ ይቆማሉ። ቀድሞ የገባ ሰው ቤቱ ውሃ ስለሚገባበት ማንም ቀድሞ አይገባም። ሚስቶቻቸው በመጋረጃ ስር እያዩ «አይ ፍቅራቸው!» ይላሉ።

ጠዋት ቡና ሲጠራ እነዚያው ሰዎች አንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣሉ። «ትናንት ጎርፉ እንዴት አደረጋችሁ?» ይባላል። «ተመስገን ነው፣ በደህና አለፈ።» መምህሩ ሁልጊዜ እርጥብ ጫማ አድርገው ነው የሚመጡት። «አዎ፣ አልፏል፤ እኔ ጋ ነው ያደረው» ይላሉ ስኒያቸውን እየተቀበሉ። ሁሉም ይስቃል። እሳቸውም ይስቃሉ። አቦል ያልቃል።

እሳቸው ደጃፍ የተኛው ውሃ ግን ዝም ብሎ አልተኛም። መስከረም ሲጠባ ወባ የሚበረታው ለዚህ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ የሚቀረው የረጋ ውሃ ለትንኟ መራቢያ ይሆናል። ጎርፉን ወደ ታች የላክን ሰዎች ትንኟ ወደ ላይ ትመጣለች ብለን አላሰብንም። እሷ ደፍ ከፍ አለ ዝቅ አለ አትልም። የታደለንን አጎበር ደግሞ ግማሹ የጫጩት ቤት፣ ግማሹ የኳስ ጎል መረብ ሆኗል።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ጠበል ነው። ልጆች ራቁታቸውን ይወጣሉ። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡን ሲያማርሩ የነበሩ ጎልማሶችም ባልዲ ደርድረው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ጠብ አላለም ብለው ደግሞ ያማርራሉ።

በሐምሌ መጨረሻ፣ አንድ ክፉ ሌሊት የጋሼን ከረጢቶች ሳይቀር ጠርጎ ከወሰደ በኋላ፣ የሰፈሩ ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም መጣ። ሁሉም ጭቃ ነክቶታል። ዲቹ ይጠረግ፣ ቱቦ ይገዛ፣ ሁሉም እኩል ያዋጣ ተባለ። እንደዚያ ቀን ተስማምተን የምናውቅ አይመስለኝም። ጋሼ ተነስተው «ከአንድ ሺህ ብር በታች የሚያዋጣ ይፈር!» አሉ። ተጨበጨበ። የዕድሩ ጸሐፊ ስማችንን አንድ በአንድ ጻፈ። የመጀመሪያው ስም የጋሼ ነበር።

ጸሐፊው መጀመሪያ ሲዞር ዝናብ ነበርና «ያባራና» ተባለ። ቀጥሎ ፍልሰታ ገባ። ከዚያ የልጆች ምዝገባ መጣ፤ ደብተርና ዩኒፎርም። ከዚያ የእንቁጣጣሽ በግ። ከዚያ መስቀል። ከዚያ ኢሬቻ ቢሾፍቱ ተሄደ። ጥቅምት ላይ ሲመለስ መንገዱ ደርቆ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ሰው ላይ ይደፋው ነበር። ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው በተረፈችው የከረጢት አሸዋ አጥራቸውን ያስለስናሉ።

«ጋሼ፣ የጎርፉን ነበር» አለ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ።

«የምን ጎርፍ?» አሉ አቧራውን ከዓይናቸው እየጠረጉ። «አሁን ያስቸገረን አቧራው አይደለም እንዴ? ለሱ የሚሆን ነገር አታስቡም?»

ጸሐፊው መዝገቡን አጠፈ። ጥቂት እንደሄደ ጠሩት።

«ስሜን እንዳትሰርዘው ግን። ለሐምሌ ይሆነናል።»