ከቀብር መልስ

አራት ሆነን ከቀብር እየተመለስን ነበር። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። ከጎኔ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ፤ ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይጠፉም። ከኋላ አንዲት ነርስና አንድ የታሪክ መምህር አሉ። እሷ ወንጌላዊት ናት፣ እሱ ካቶሊክ። ለረጅም ሰዓት ማንም ትንፍሽ አላለም።

«ሰውየውን እኮ ለሁለት ከፍለው ቀበሩት» አለች ነርሷ በመጨረሻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጃችን ያደገው በኦርቶዶክስ ቤት ነው። በጎልማሳነቱ ወንጌላዊ ሆነ፤ ከባለቤቱ ጋር አንድ ጉባኤ ውስጥ ሲያገለግል ኖረ። ሲሞት ወንድሞቹ «ያለ ፍትሐት አፈር አይገባም» አሉ። ባለቤቱ «እሱ በዚህ አያምንም ነበር» አለች። ሁለት ቀን ተጨቃጨቁ። መጨረሻ ላይ ወንድሞቹ አንድ ቄስ ለምነው አመጡ። ቄሱ ጥቂት ጸለዩ፣ ፓስተሩ ሰበከ፣ መዘምራኑ ዘመሩ። ቄሱ ሲጸልዩ ግማሹ ሰው ፊቱን አዞረ። ፓስተሩ ሲሰብክ ሌላው ግማሽ ወደ መኪናው ሄደ።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አለ መምህሩ። «ሁለቱም ወገን እንዳይከፋው ተብሎ ነው። ቢያንስ ሰላም ወርዷል።»

«ማን ላይ ነው የወረደው? ሚስቱን አላየሃትም?»

ሁላችንም አይተናታል። ሣጥኑ አጠገብ ቆማ አንዴ ወደ ቄሱ፣ አንዴ ወደ ፓስተሩ ትመለከት ነበር።

ነርሷ ቀጠለች። «ለመሆኑ ለሞተ ሰው መጸለይ ምን ይጠቅመዋል? ሰው አንዴ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ ፍርድ ነው ይላል የዕብራውያን መልእክት። የሚጸለይለት በሕይወት እያለ ነው።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ኋላ መለሱ። «ልጄ፣ እናትሽ ታማ ሳለ ትጸልዪላት አልነበረም?»

«እጸልይ ነበር።»

«ነፍሷ ስትወጣ ምን ተለወጠ? እግዚአብሔር ያው ነው። እሷም የእሱ ናት። አንቺም ትወጃታለሽ። ታዲያ ማነው ከዚህ በኋላ አፍሽን ዝጊ ያለሽ?»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ጋሼ የኦርቶዶክሱን ዓለም ልማድ አንድ በአንድ ነገሩን። በግሪክም በሩሲያም ሦስተኛው፣ ዘጠነኛውና አርባኛው ቀን ይታሰባል። ሦስተኛው ለትንሣኤው፣ አርባኛው ለዕርገቱ ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ ዘመድ ሁሉ ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ ይስማል። የተቀቀለ ስንዴ ይቀርባል፤ የስንዴ ቅንጣት ምድር ወድቃ ካልሞተች ፍሬ አታፈራም ያለውን የጌታን ቃል እያሰቡ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር አነሡ። በሰሞነ ሕማማት ፍትሐት አይደረስም። ስለዚህ በተዋሕዶም በግብጽ ኮፕትም በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በሕይወት ላለው ሕዝብ ፍትሐት ይደረጋል። በዚያ ሳምንት የሚሞት ሰው ድርሻውን አስቀድሞ ይቀበላል።

«አየሽ፣ ሁላችንም በየዓመቱ በራሳችን ፍትሐት ላይ እንቆማለን። ከጎኔ የቆመው ይሁን እኔ፣ ማን እንደሚሄድ አይታወቅም» አሏት።

ነርሷ ትንሽ ዝም አለች። ያ ነገር እንደነካት በመስታወቱ አየሁ።

መምህሩ በመሃል ገባ። ካቶሊኮች ለሙታን ለመጸለይ ከሚጠቅሱት አንዱ የመቃብያን መጽሐፍ ነው። የአይሁድ የጦር መሪ ይሁዳ መቃቢ በጦርነት ለወደቁ ሰዎቹ መሥዋዕት እንዲቀርብ ሁለት ሺህ ድራክማ ወደ ኢየሩሳሌም ልኳል። ፕሮቴስታንቶች መጽሐፉን በቀኖናቸው ውስጥ አይቆጥሩትም። (በተዋሕዶ ቀኖና ያሉት የመቃብያን መጻሕፍት ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ይዘታቸው ሌላ ነው። ሰዎች ሁለቱን እያምታቱ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ደግሞ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የፕሮቴስታንቶችን ተሐድሶ የጀመረው ሉተር በ1517 የተነሣው ለምን ሆነና?» አለች ነርሷ። «የሙታንን ነፍስ ከሥቃይ ያወጣል እየተባለ ወረቀት ይሸጥ ነበር። ድሃው የሞተበት አባቱ እያሳሰበው ያለችውን ሳንቲም ይሰጣል። ሐዘንተኛን መዝረፍ ነው ይሄ!»

«መሸጡ ጥፋት ነው» አሉ ጋሼ። «የሸጠውን ተቆጪ። ጸሎቱ ምን አደረገሽ?»

እውነት ለመናገር፣ በዚህ ላይ ጋሼ የረቷት መሰለኝ። እሷ ግን በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። ብዙዎቹ የተሐድሶ ሰዎች የፈሩት ጸሎቱ ራሱ ተመልሶ ገበያ እንዳይሆን ነው አለች። ለዚህም ነው አንዳንዶቹ ጫፍ ድረስ የሄዱት። በ1645 በእንግሊዝና በስኮትላንድ የጸደቀው የአምልኮ መመሪያ ሬሳው በክብር ታጅቦ ይሂድና ያለ ምንም ሥርዓት ወዲያው ይቀበር ይላል። መቃብሩ ላይ መጸለይም፣ ማንበብም፣ መዘመርም ቀረ። ከተሐድሶው መሪዎች አንዱ ካልቪን በ1564 ጄኔቫ ሲሞት በራሱ ፈቃድ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ። ትክክለኛው ቦታ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

«ያለ አንዲት ጸሎት? እንደ ውሻ?» ጋሼ ደነገጡ።

«እንደ ውሻ አይደለም ጋሼ። ነፍሱ ከጌታ ጋር ናት፣ እኛ የምንጨምርላት የለም ብለው ነው።»

መምህሩ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን አነሣ። የ1549ኙ የጸሎት መጽሐፍ የቀብር ሥርዓት ለሟቹ ይጸልይ ነበር። በ1552 ሲታረም ያ ጸሎት ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። አንዲት ሴት ባሏን በፊተኛው ሥርዓት፣ ልጇን በኋለኛው ቀብራ ይሆናል። ይህንን ካለ ወዲህ ያቺን ሴት እያሰብኩ ነው የምነዳው። ባሏ ተጸልዮለታል፣ ልጇ አልተጸለየለትም። ምን ብላ ተኛች?

ሁሉም ፕሮቴስታንት ግን እንደዚያ ጨፍግጎ አልቀበረም። ሉተር ራሱ በ1542 የቀብር መዝሙሮች ሲያሳትም ሰው ስለ ይቅርታ፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ትንሣኤ እንዲዘምር ነው የፈለገው። እኔ በዚህ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፈትኩና ሞራቪያውያን ስለሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ነገርኳቸው። ይህንን ነገር በጣም ስለምወደው ነው። በጀርመን፣ ሳክሶኒ ውስጥ፣ ሄርንሁት በምትባል መንደር በ1730 የመቃብር ቦታ አዘጋጁ። «የእግዚአብሔር እርሻ» ይሉታል። ድንጋዮቹ ሁሉ ጠፍጣፋ ናቸው። አንዱ ከሌላው ከፍ አይልም። ሰው በቤተሰቡ ሳይሆን በሞተበት ተራ ነው የሚቀበረው፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ። ሀብታም ለብቻው የሚተኛበት ጥግ የለም። ሞት ሲኖር ትሮምቦን ይነፋል። ሰሚው ከዜማው ብቻ ሟቹ ያገባ ይሁን፣ ባሏ የሞተባት ይሁን፣ ያውቅ ነበር። በፋሲካ ንጋት ደግሞ፣ ከ1732 ጀምሮ፣ ጉባኤው እዚያው መቃብሩ መሃል ቆሞ ፀሐይ ስትወጣ ትንሣኤውን ያውጃል።

«እሱስ ደስ ይላል» አሉ ጋሼ። ከሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ስለ አስከሬን ማቃጠልም ተነሣ፤ ብዙ አልቆየንበትም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1963 ፈቅዳለች፤ ትንሣኤን ለመካድ ካልሆነ። በ2016 ግን አመዱ እንዳይበተን፣ ቤት ውስጥም እንዳይቀመጥ አዘዘች። ኦርቶዶክሱ በአብዛኛው አይቀበለውም። ግሪክ ውስጥ የመጀመሪያው የማቃጠያ ሥፍራ ሥራ የጀመረው ገና በ2019 ነው። ነርሷ ግድ አልነበራትም፤ ጋሼ ስለዚህ መስማትም አልፈለጉ።

ከዚያ መምህሩ የሞኒካን ነገር አመጣ። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስ እናት ናት። ከአፍሪካ ርቃ፣ ኦስቲያ በምትባል የጣሊያን ወደብ፣ በ387 ታመመች። ቀድሞ በአገሯ ከባሏ ጎን መቃብሯን አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን ልጆቿን «ይህን ሥጋ የትም ቅበሩት፤ ስለ እሱ አትጨነቁ» አለቻቸው።

«ይኸው!» አለች ነርሷ።

«ቆይ አልጨረስኩም። አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው። የትም ብትሆኑ በጌታ መሠዊያ ፊት አስቡኝ አለች።»

«ይኸው!» አሉ ጋሼ።

ሦስቱም ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። መምህሩ ግን ታሪኩን ቀጠለ። አውግስጢኖስ ዓይኖቿን በእጁ ከደነ። ወንድ ልጁ ጮሆ ሲያለቅስ ዝም አሰኙት። በእንዲህ ያለ የእምነት ሞት ላይ ዋይታ አይገባም ብለው ነው። አውግስጢኖስም በቀብሩ ላይ እንባውን ዋጠ። በኋላ ብቻውን ሆኖ ነው ያለቀሰላት።

ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እናቴ ስትሞት አታልቅሺ ተባልኩ» አለች። «ጌታ ጋ ሄዳለች፣ እምነትሽ የት አለ አሉኝ። አላለቀስኩም። መዝሙር እየመራሁ ቀበርኳት። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት አለቀስኩ። ዛሬም ፓስተሩ የሟቹን ሚስት አታልቅሺ ሲላት ሆዴ ተላወሰ።»

ማንም መልስ አልነበረውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጋሼ ቀስ ብለው «ጌታም አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አልቅሷል ልጄ» አሏት። መምህሩም የጳውሎስ ቃል ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ይላል እንጂ አትዘኑ አይልም አለ።

ወደ ሰፈራችን ስንደርስ መምህሩ የመጀመሪያውን ነገር መልሶ አነሣ። ለማንኛውም የዛሬው ስምምነት ደግ ነበር፣ ከጠብ ይሻላል አለ። ያኔ ጋሼ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ።

«ደግ አልነበረም። ፍትሐት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ኖሮ ለሞተ ልጇ ነው። ይህ ወዳጃችን አውቆ፣ መርጦ ሄደ። አዝኜበታለሁ፣ ዛሬም አዝናለሁ። ግን ሲሞት አፉ ስለተዘጋ እንደገና የኛ ነው ልለው አልችልም። እንባዬን እሰጠዋለሁ። ሌላውን በቤቴ እጸልይለታለሁ፤ ማንም አያየኝም።»

ነርሷ ወንበራቸውን ከኋላ ያዝ አድርጋ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች።

እኔም ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። በሁሉም ነገር የማይስማሙት ሁለቱ በዚህ ተስማሙ። የተሳሳተው አስታራቂው ነበር። መምህሩን እወደዋለሁ፤ ሰላም ፈላጊ ነው። ግን ቀብር እንደ ርስት የሚካፈሉት ነገር አይደለም። ለሟቹ የሚጸልይ ሥርዓት አንድ ነገር ያምናል። የማይጸልየው ሌላ ነገር ያምናል። ሁለቱን ቆርጠው ቢሰፉት ሟቹ ሊናገር የሚፈልገውን አንዱም አይናገርለትም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሰው በሞተበት እምነት፣ በዚያው ሙሉ ሥርዓት ይቀበር። ሌሎቻችን ፊታችንን ሳናዞር፣ ወደ መኪናችን ሳንሄድ፣ እስከ መጨረሻው እንቁም። የማናምንበትን አሜን ማለት የለብንም፤ መቆም ግን አለብን። ማንም ሰባኪ ቢሆን ደግሞ ሐዘንተኛን አታልቅስ የማለት ሥልጣን የለውም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ወንድሞቹንም አልኮንንም። ፍቅር ነው ያስጨነቃቸው። ወዳጃችን ግን በሕይወቱ ሳለ ፈቃዱን ለወንድሞቹ አልነገራቸውም፤ እነሱም አልጠየቁትም። ያ ጭቅጭቅ ሁሉ ሚስቱ ላይ የወደቀው በዚህ ነው።

እህቴ ከእኔ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄደው። ባለፈው እሑድ ደውዬ ጠየቅኋት። መጀመሪያ «ምን ሰማህ?» ብላ ደነገጠች። ካረጋጋኋት በኋላ ሦስት ነገር ነገረችኝ። በአንዱ አልስማማም። እንደነገረችኝ አድርጌ ጽፌዋለሁ።