በሩ ተቆልፎ ምን ባህል ይለመዳል?

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጎንደር፣ ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ለሚሄዱ ልጆች በተሰናዳ ገለጻ ላይ ተገኝቼ ነበር። የአክስቴን ትንሿን ልጅ አጅቤ ነው የገባሁት። መድረኩን የያዙት ኃላፊ ብዙ ተናገሩ፤ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። አንዱ ግን እስካሁን ሆዴ ውስጥ ይንተከተካል። ልጆቻችን እዚያ ሄደው የሚቸገሩት የአገሩን ባህል ስለማይለምዱ ነው አሉ። ቀጠሉና ከእኛ አካባቢ የሚሄዱት በተለይ ኩራት ያበዛሉ፣ ዝቅ ማለት ያቅታቸዋል፣ ከማዳም፣ ከአሠሪያቸው እመቤት፣ ጋር የሚጋጩትም ለዚህ ነው አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ጎንደሬና ኩራት ሲነሳ መቼም ሳቅ አይጠፋም።

እኔ አልሳቅሁም።

የቱ ኩራት? እነዚህ ልጆች እኮ ገና ቦሌ ሳይደርሱ ማተባቸውን ፈትተው ለእናታቸው የሚሰጡ ናቸው። ጎንደር ውስጥ ማተብ መፍታት ምን ማለት እንደሆነ ለኃላፊው አልነግራቸውም፤ ያውቁታል። እዚያ ሲደርሱ ስማቸው ለምላስ ከበደ ተብሎ በሌላ ስም ይጠራሉ። አቤት ይላሉ። አባያ ልበሺ ስትባል ትለብሳለች። በሁዳዴ ሥጋ ሲቀርብላት፣ ሌላ ከሌለ ያንኑ ትበላለች። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቀኑን ለኢፍጣር ሳምቡሳ ስትጠቀልል ውላ፣ ሌሊቱን ለሱሁር ምድጃ ስር ታነጋለች። ስሟን የሰጠች፣ ማተቧን የፈታች ልጅ ከዚህ በላይ ምን ዝቅ ትበል? ወለሉ ውስጥ ትግባ?

ደግሞ የባህል ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ከአዲስ ዓለም ሰፈር የሚሄዱት ሙስሊም እህቶቻችን ምንም ባልነካቸው ነበር። ጾሙም ሶላቱም የጋራቸው ነው። ስለ ሒጃብ የሚነግራቸው አሠልጣኝ አያስፈልጋቸውም። ታዲያ የእነሱ ፓስፖርት ለምን ይነጠቃል? የእነሱ ደመወዝ ለምን ይቀራል? ይህን ጥያቄ የሚመልስልኝ ካለ ኃላፊውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እርግጥ ጥቂት ነገር ማወቅ አይከፋም። ለባባ፣ ማለትም ለቤቱ አባወራ፣ እጅ አለመዘርጋት፣ በግራ እጅ አለማቀበል፣ እንግዳ ወንዶች ወዳሉበት ሳሎን ዘው አለማለት። ይሄ የግማሽ ሰዓት ወሬ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑንም ያሳዩዋቸው፣ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ችግር ግን ስሙ ባህል አይደለም።

የአክስቴ ትልቋ ልጅ ሪያድ 7 ዓመት ኖራ መጥታለች። የመጣች ሰሞን ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ቡና እየተጠጣ፣ ሪያድ ምን ትመስላለች አልኳት። «ወንድምዓለም፣ እኔ መች አየኋትና» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። ማዳም ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች። ከቤት የምትወጣው ልጆቹን ይዛ ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ ያም ከመኪና ወደ አያቶቹ ቤት ወጥ ቤት ነው። ዓርብ የአገሩ ሰው ያርፋል፤ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል። ለእሷ ዓርብ ማለት የሳህን ክምር ነው። 7 ዓመት ሙሉ አንድ ሱቅ ገብታ አንድ ሪያል አልመነዘረችም። እንግዲህ የቱን ባህል ነው የምትለምደው? የወጥ ቤቱን መስኮት ባህል?

ዓረብኛዋ ግን ይሮጣል፤ እኛም እንኮራባት ነበር። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል መግባት ከጀመሩ ወዲህ እዚህ ከተማም ዓረብኛ መስማት ብርቅ አይደለም። አንድ ቀን ፒያሳ ላይ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ መድኃኒት ቤት የት እንደሆነ ጠየቃት። በደንብ ሰማችው። ልትመልስ አፏን ስትከፍት የወጣው «ተዓሊ» ነው። ነይ ማለት ነው። ሰውየው ሳቀ። በዓረብኛ ወንድን ና ለማለት «ተዓል» ይባላል፤ እሷ ግን ይህን ቃል በሕይወቷ ለሌላ ሰው ሲባል ሰምታ አታውቅም። ለእሷ ሲባል ብቻ ነው የሰማችው። ጂቢ፣ ሹፊ፣ ነዲፊ፣ ኡስኩቲ። አምጪ፣ እይ፣ አጽጂ፣ ዝም በይ። የ7 ዓመት ዓረብኛዋ ከዳር እስከ ዳር ትእዛዝ ነው። ሰላምታ እንኳን መመለስ እንጂ መጀመር አትችልም። ይህቺን ልጅ ነው እንግዲህ አልተላመደችም የሚሏት።

ሰው ከአገር ጋር የሚላመደው በእግሩ ነው። ወጥቶ፣ ተሳስቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ መንገድ ጠፍቶት፣ ጎረቤት አፍርቶ ነው። ዱባይ ሄዶ የሚሠራ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ተላመደ የሚባለው የመኪና ቁልፍ፣ የቤቱ ቁልፍና የዕረፍት ቀን ስላለው ነው። ኩራትህን አራግፈህ ና ያለውም የለም። እንዲያውም አገሩ ነው ለእሱ ዓይነቱ የሚላመደው። ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ዓርብንና ቅዳሜን ማረፍ ትተው ቅዳሜና እሑድን የዕረፍት ቀን አድርገዋል። ዓርብ ግማሽ ቀን ይሠራል። ከዓለም ገበያ ጋር እንዲገጥም ነው። ለገበያ ሲባል ዓርብን ያህል ቀን ይነካል፤ ለሠራተኛዋ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡ ሲባል ግን ባህላችን ነው ይባላል። የእኛም ኃላፊ ይህንኑ ተቀብለው ያስተምሩልናል።

ሕጉማ አለ። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኳታር በ2017 ለቤት ሠራተኛ የሳምንት ዕረፍት በሕግ ጽፈዋል። ቤት ውስጥ የሚሆነውን ግን ቁልፉን የያዘው ያውቃል። ሳዑዲ በ2021 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር የሚያስችል ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። «ከፊል» ከሚባለው አሠሪዋ ቤት ከወጣች ያለ ሕጋዊ ወረቀት ናት። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወገኖቻችንን እያፈሰች ስታስወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመለሰው። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስወጣው የባህል ትምህርት ማነስ ነበር? ወረቀት ነው ያስወጣው።

ፊሊፒንስን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአንዲት ዜጋዋ አስከሬን ኩዌት ውስጥ በማቀዝቀዣ ተገኘ። መንግሥቷ ሠራተኛ መላክ አቆመ። ከወራት በኋላ ኩዌት ስምምነት ፈረመች፤ ፓስፖርት አይነጠቅም፣ ስልክ አይከለከልም፣ የዕረፍት ቀን ይኖራል የሚል። ሁሉም ተፈጸመ ወይ ብትሉኝ አልምልም። ግን ሴቶቻችን ዝቅ ማለት ይማሩ ብለው አዳራሽ አልተከራዩም። ተደራደሩ። እኛም በ2006 ዓ.ም. ጉዞውን ዘግተን ነበር፤ ለዓመታት። ያን ጊዜ ልጆቹ በመተማ አድርገው በደላላ ሄዱ። አሁን በሩ ከተከፈተ ደግሞ ቆሎ እንደሚያድል ሰው ምክር እናድላለን።

ገለጻው ሊያበቃ ሲል ትንሿ ልጅ እጇን አወጣች። ፓስፖርቴ ማን ጋር ነው የሚቀመጠው ብላ ጠየቀች። ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኃላፊው ይህ ኤጀንሲውን የሚመለከት ጥያቄ ነው አሉና ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፉ። የሚቀጥለው ርዕስ የቡና አቀራረብ ነበር። በቀኝ እጅ ነው፣ ፍንጃሉ አይሞላም አሏቸው። ረከቦት ስር ላደጉ የጎንደር ልጆች።