ጥርስ ነክሶ መቻል

«ጥርስህን ነክሰህ ቻለው» የሚለው ምክራችን ለብዙ ነገር ያገለግላል። ለጥርስ ሕመም ግን አይሆንም፤ የታመመው ራሱ የምንነክሰው ነገር ነዋ። የዛሬው ወጌ ጥርስ ሐኪም ስለመፍራት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጥርስ ክሊኒክ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ብዙው ጉንጩን በነጠላ ወይም በሻሽ የያዘ ነው። መጀመሪያ ቅርንፉድ ነክሷል፤ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፤ ከዚያ በአረቄ ተጉመጥምጧል፤ ከዚያም ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊንና ዳይክሎፌናክ ገዝቷል። (ቅርንፉዱን አትናቁት፤ ሐኪሞች ለጊዜያዊ መሙያ የሚጠቀሙበት ዩጂኖል የሚባለው ዘይት ከእሱ ነው የሚገኘው። ነጭ ሽንኩርቱ ግን ድድ ያቃጥላል።) ወንበሩ ላይ የሚወጣው ጉንጩ ካበጠ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፍርሃቱ እውነተኛ ምክንያት ያገኛል። የመረቀዘ ሥጋ አሲዳማ ይሆናል፤ ማደንዘዣው ሊዶኬይን አሲድ ባለበት ቦታ የነርቩን ሽፋን ዘልቆ መግባት ያቅተዋል። መርፌው ተወግቶ ጥርሱ በደንብ ሳይደነዝዝ፣ ወረፋው የበዛበት ሐኪም ጉጠቱን ያነሳል። ያ ሰው ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ክሊኒክ ደጃፍ አይደርስም። ሲመለስ በባሰ ጥርስ ነው፤ ማደንዘዣውም እንደገና እምቢ ይላል። ይህን ሰው ፈሪ ማለት ግፍ ነው፤ የዘገየ ሰው ነው።

ሕመም መቻሉንማ የእናቶቻችን ድድ ይመሰክራል። ያለ ማደንዘዣ ተወቅሮ የተነቀሰ ድድ ይዘው ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ወንበር ላይ የተቀመጡ እናት፣ በቀጭኗ የማደንዘዣ መርፌ ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ። ንቅሳቱ ጌጥ ነበር፤ ነቃሿም የሰፈር ሰው። እዚህ ጭምብል ያጠለቀ እንግዳ በማይገባ ቋንቋ እያወራ አፍ ውስጥ ይገባል። ሳልረሳው፦ ጥቁር ድድ አይቶ የማያውቅ ሐኪም በሽታ ሊመስለውና ናሙና ልውሰድ ሊል ይችላልና፣ ንቅሳት መሆኑን ያጀባቸው ልጅ አስቀድሞ ይንገር።

ውጭ ያደጉ ልጆቻችን ይህን ፍርሃት ብዙ አያውቁትም። አሜሪካ ውስጥ ልጅ አንድ ዓመት ሳይሞላው ጥርስ ሐኪም እንዲያየው ይመከራል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ሳያመው ነው፤ ጥርሱ ተቆጥሮለት ተለጣፊ ሥዕል ይዞ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ልጅ ሲያስቸግር የሚባለው «ሐኪም ቤት ወስጄ መርፌ ነው የማስወጋህ!» ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕፃናት የጀመረችውን በጤና መድን የሚሸፈን የጥርስ ሕክምና በ2019 እስከ 18 ዓመት አድርሳዋለች። እዚያ ያሉ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተሰቦች ልጆች ላይ የጎደለ ወይም የተበላሸ ክራንቻ ያገኙ ነበር፤ ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ምክንያቱ እሱ ነው» ተብሎ ድዱ ተሰንጥቆ ገና ያልበቀለው «የወተት ጥርስ» ስለተነቀለ ነው።

አዋቂው ላይ ስንመጣ ውጭ አገር ፍርሃቱ መልኩን ይቀይርና ሒሳብ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የጥርስ ኢንሹራንስ በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ላይ ይቆማል፤ መደበኛው ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ደግሞ አብዛኛውን የጥርስ ሕክምና አይሸፍንም። አንድ መንጋጋ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ተሠርቶ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ሲደረግለት የዓመቱ ገንዘብ አለቀ። ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ክሊኒክ አንድ አማራጭ ነው፤ ተማሪው በመምህር ቁጥጥር ሥር ይሠራል፣ ዋጋው ዝቅ ይላል። አንድ ጥርስ ማስሞላት ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ለሚፈራ ሰው ይሄ ጥሩ ነው፤ የሚያጣድፈው የለም።

ወንበሩ ላይ ከመርፌው ይበልጥ የሚያስቸግረን ይሉኝታችን ነው። ሐኪሟ «ደህና ነህ?» ስትል አፉ የተከፈተው ወገናችን እንደ ልማዱ አየር ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ይላል። እሷ ያመመው መስሏት ትደነግጣለች፤ ሁለተኛ ስትጠይቅ ቅንድቡን ያነሳል፤ ግራ ይገባታል። ሲያመው ደግሞ ዝም ይላል። ስለዚህ አፍ ሳይከፈት ስምምነት ይደረግ፦ ግራ እጅ ከተነሳ ሁሉም ነገር ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ሳያምም አንድ ጊዜ አንስቶ መሞከር ያስፈልጋል፤ እጁ እንደሚሠራ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ደግሞ ማንሳት አያስፈልገውም። ማደንዘዣ ሕመምን ያጠፋል እንጂ መገፋትንና መጎተትን አያጠፋም፤ ጥርስ ሲነቀል አገጭ ሲጫን ይሰማል፣ ያ መሰማት ያለበት ነው። የሚወጋ ወይም የሚያቃጥል ከሆነ እጅ ይነሳ።

መርፌው ራሱ በደንብ ከተሰጠ ብዙ አያምም። ድዱ ደርቆ ላዩን የሚያደነዝዝ 20 በመቶ ቤንዞኬይን ጄል ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይቀባል፤ ከዚያ 1.8 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዘው ካርትሬጅ (የማደንዘዣው ብልቃጥ) ቀስ ብሎ፣ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ተወስዶ ይገፋል። የሚያመው ፈሳሹ በጥድፊያ ሲገፋ ነው። የላይኛው ጥርስ በጥቂት ደቂቃ ይደነዝዛል። የታችኛው መንጋጋ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠይቃል፤ የታችኛው ከንፈር ግማሹ እንጨት እንጨት ሳይል ሥራ አይጀመርም። ከንፈሩ ደንዝዞም ጥርሱ ሳይደነዝዝ ሊቀር ስለሚችል ሐኪሙ በቀዝቃዛ ነገር ይፈትነው።

ከመርፌው በኋላ ልብ ድው ድው ካለ አትደንግጡ፤ ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ነው፣ በጥቂት ደቂቃ ይበርዳል። ስንቱ ሰው «ማደንዘዣ አይስማማኝም» እያለ የሚኖረው በዚህች ምክንያት ነው! ልብና ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ይናገር፤ አድሬናሊን የሌለው ማደንዘዣ አለ። የዚያን ዕለት ጫት የቃመም አይደብቅ፤ ሁለቱ ተደርበው ልብን ያስሮጣሉ።

በጾም ባዶ ሆድ ሄዶ ወንበር ላይ ራሱን የሚስት ብዙ ነው፤ ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ ያድርገው። የሚያረጋጋ ኪኒን ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ማስተኛ ከታዘዘ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መቼ መብላት ማቆም እንዳለበት ሐኪሙ ይነግረዋል፣ ወደ ቤትም ሌላ ሰው ነው የሚነዳው። በአፍንጫ የሚሳበው የሚያረጋጋ ጋዝ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ቀለል ይላል፤ መጨረሻ ላይ ለ5 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክሲጅን ተስቦ ይለቃል።

ስዊድን ፍርሃቱን ራሱን ታክማለች። ከባድ ፍርሃት ያለበት ሰው ሳይኮሎጂስትና ጥርስ ሐኪም አብረው ያዩታል፤ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ መቀመጥ ብቻ፣ ሌላ ቀን መስታወቷ ብቻ፣ ሌላ ቀን ክዳኗ ያልተነሳ መርፌ። ይህን አዲስ አበባም ማድረግ ይቻላል፦ «ዛሬ እንዲያዩኝ ብቻ ነው የመጣሁት፣ ምንም አይሠራም» ብሎ ቀጠሮ መያዝ።

ሀገር ቤት ለሦስት ሳምንት ሲመጡ ጥርስ የሚያሠሩ ወገኖች የመጀመሪያውን ሳምንት አያባክኑ። ከተነቀለ በኋላ ጉድጓዱ የረጋ ደሙን አጥቶ ከደረቀ ሕመሙ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በ2ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ነው፤ ነቅሎ በማግሥቱ አውሮፕላን መሳፈር አይመከርም። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በብሎን የሚተከል ጥርስ) በሦስት ሳምንት አያልቅም፤ ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ እንደየሰው ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። የራጁን ቅጂና የብሎኑን ስም ይዞ መመለስ ግድ ነው፤ ሲላላ ውጭ ያለው ሐኪም ቁልፉን የሚያገኘው በእሱ ነው። መሣሪያው በ121 ወይም በ134 ዲግሪ እንፋሎት የተቀቀለ መሆኑን የሚያሳየው ደግሞ የታሸገበት ከረጢት ላይ ያለው ቀለሙን የሚቀይር ምልክት ነው። ሐኪሙን መጠራጠር እንዳይመስል የሚያፍር ሰው እንዲህ ይበል፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፈሪ ነኝ፤ ከረጢቱን እዚሁ ፊቴ ቢቀዱልኝ?»