11 ዲግሪ

ዛሬ ካልተነፈስኩ ጨጓራዬ ይላጣል።

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ማሽኖቻችን የሚሆኑትን የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

የሪኤጀንት፣ ማለትም የምርመራ ኬሚካል፣ ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። አምና አንድ ሐሙስ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም ናፍጣ አልቆበት ፍሪጁ 11 ገባ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ የሙቀት መመዝገቢያው ሉህ ላይ 11 ብላ ጻፈች። ሰዓቱን፣ ሪኤጀንቱን በረዶ ወዳለበት ሳጥን ማዛወሯን፣ መብራት ሲመጣ ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ መፈተሻ ናሙና) መሥራቷን፣ ሁሉንም ጻፈች። አንጀት የሚያርስ ሥራ!

ተቆጣጣሪው መጣ። 11ን በቀይ እስክሪብቶ ከበባት። «ይሄ ምንድን ነው?» ልጅቷ ልታስረዳ ስትል አልሰማትም። ከዚያ የሌላውን ክፍል ሉህ አነሳ። ወሩን ሙሉ ጠዋት 4፣ ማታ 4። መብራት የጠፋበት ሐሙስም 4። እሑድም 4። እሑድ እኮ ዝግ ነን! ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ነው። «እንዲህ ነው የሚያዘው» ብሎን ሄደ።

ሰውየውን አልጠላውም፤ የላከውን ነው የምለው። ተቆጣጣሪ ሲመረጥ የሚታየው ማን ዲግሪ አለው፣ የመስክ አበል ተራው የማን ነው የሚለው ይመስለኛል። ፒፔት፣ የላብራቶሪ ፈሳሽ መለኪያ፣ ጨብጦ ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሥልጠናውም ሆቴል ውስጥ ፓወር ፖይንት፣ ሰርተፍኬት፣ የቡድን ፎቶ፣ አለቀ። አክሬዲቴሽን (የብቃት ዕውቅና) ሰጪዎች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መስፈርት አይ ኤስ ኦ 17011 ግን ገምጋሚው ብቃቱ እንዲመዘን፣ ሥራ ላይ እያለም ክትትል እንዲደረግለት ይላል። የሕክምና ላብራቶሪዎች መስፈርት አይ ኤስ ኦ 15189ም እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታደስ በታካሚው ላይ የሚደርስ ስጋትን ከፊት አስቀምጧል። ያ የሐሰት 4 የሚጎዳው ታካሚውን አይደል?

ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ካቻምና የመጣችው የአሠራር መመሪያውን ማሽኑ አጠገብ ለጥፉ አለች። አምና የመጣው «ግድግዳ ላይ ወረቀት ምን ይሠራል?» ብሎ አስነቀለን። ፕላስተሩ የግድግዳውን ቀለም ይዞት ሄደ። ባለቤቱ የቀለሙን ሂሳብ እኔን ነው የጠየቀኝ፣ ይሄን ደግሞ ሌላ ቀን።

አንድ ጊዜ ግን ጠና ያሉ ሴት መጡ። ፋይል አምጡ አላሉም። ደም ሲቀዳ ቆመው አዩ፤ ያንኑ ብልቃጥ ተከትለው ደሙን አሽከርክሮ ከሚለየው ማሽን፣ ከሴንትሪፊዩጁ፣ እስከ ውጤት መዝገቡ ሄዱ። ከዚያ አንድ የቆየ ውጤት መርጠው «የዚህን ቀን ኮንትሮል አሳዩኝ» አሉ። ላብራቶሪውን ላብ በላብ አደረጉት! ሴንትሪፊዩጁ እየዞረ ሳለ ክዳኑ እንደሚከፈት ያገኙት እሳቸው ናቸው። ስንት ሰው በአጠገቡ አልፎ ነበር። ዕድሜያቸውን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው እንደኖሩ ያስታውቃል። እኚህን ሴት አሠልጣኝ አድርጎ ጀማሪዎቹን ከኋላቸው ማስከተል ምን ይከብዳል? ዳግመኛ ግን አላየናቸውም።

ሰኞ ቁጥጥር አለብን። ትናንት ከሰዓት መብራት ጠፋ። ልጅቷ ፍሪጁን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አየች፣ ሉሁን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ስንት ልጻፍ?»