ስለ ቫይታሚን ዲ ማን ይጠየቅ፦ እናት፣ ሐኪም ወይስ መድኃኒት ቤት?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው። ጎንደር ውስጥ ጡት የሚጠባ ህፃን ሁሉ በተወለደ ሰሞን የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይታዘዝለት ወይ? እስካሁን እንደ ደንብ ያልታዘዘውስ የህፃናት ሐኪሞች እውቀት ስላነሰ ነው? «አዎ» የሚሉት የህፃናት ሐኪም ናቸው። «የለም» የሚሉት በጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ብዙ ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው። ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተሯ፦

ከራሳችን ከሐኪሞቹ ልጀምር። እናት ህፃኗን ይዛ ስትመጣ ብዙ ጊዜ የምትሰማው አንድ ምክር ነው፤ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው»። በስንት ሰዓት? ለስንት ደቂቃ? ልብሱን አውልቃ ነው ወይስ እንደተጠቀለለ? ይህን የሚነግራት የለም። ቀጣዩ ታካሚ ይገባል።

ምክሩ ግማሽ ነው። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው ጨረር ነው። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ገደማ፣ ይህ ጨረር በጣም ጥቂት ነው። እናቶች ግን ህፃኑን የሚያወጡት በዚያው ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ለስላሳ ናትና። ጨረሩ በደንብ የሚደርሰው ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ነው። ከመስኮት መስታወት ጀርባ ማሞቅማ ጭራሽ አይጠቅምም፤ መስታወት ያንን ጨረር አያሳልፍም። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ለህፃን የእናት ጡትን የሚተካ ምግብ የለም። በአንድ ሊትር የጡት ወተት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ 80 ዩኒት (የቫይታሚን መለኪያ ነው) እንኳ አይሞላም። ህፃኑ የሚያስፈልገው በቀን 400 ነው። የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2003 በቀን 200 ዩኒት ብሎ ነበር፤ በ2008 ወደ 400 ከፍ አደረገው፤ ከተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀመር አለ። በ2016 የብዙ አገር ባለሙያዎች ስለ ሪኬትስ፣ በተለይ በቫይታሚን ዲ እጥረት የልጅ አጥንት ስለሚለሰልስበት በሽታ፣ ያወጡት የጋራ ሰነድም እስከ 12 ወር 400፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 600 ይላል። መከላከያውና ማከሚያው ግን በየክሊኒኩ ሲምታታ አያለሁ። 400 መከላከያ ነው። ሪኬትስ የያዘው ከ12 ወር በታች ያለ ህፃን በየቀኑ 2,000 ዩኒት ያስፈልገዋል፤ ቢያንስ ለ3 ወር፣ ከካልሲየም ጋር።

ለምን አጥብቄ እይዘዋለሁ? በሳንባ ምች ታሞ የመጣን ህፃን ልብሱን አውልቄ ደረቱን ስዳብስ፣ የጎድን አጥንቶቹ ከፊት በሚገጥሙበት መስመር ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት ጣቴን ይነካኛል። የእጅ አንጓው ሰፍቷል። እርግብግቢቱ በጊዜው አልገጠመም። በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት አለ። በኢትዮ-ስዊድን የህፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ህፃናት 210ዎቹ ሪኬትስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ህፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ። የለሰለሰ ጎድን ደረትን አይደግፍም፤ ህፃኑ በደንብ አይተነፍስም፣ አክታውንም አያወጣም። ይህን የሚያውቅ ሐኪም «ፀሐይ አሙቂው» ብሎ አያልፍም።

ሲስተር፦

ዶክተር፣ በሳይንሱ ላይ ክርክር የለኝም። የማልስማማው ጣት የቀሰሩበት ቦታ ላይ ነው። ጥፋቱን ሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ ፈለጉት። እኔ የማየው ቤት ውስጥ ነው፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው።

እኛ ጋ እናት በስድስተኛው ሳምንት ለክትባት ትመጣለች። ህፃኑ በጋቢ ተጠቅልሏል፤ ከላዩ ነጠላ አለ፤ ፊቱም ተሸፍኗል። መርፌውን ለመውጋት ጭኑን እስክናገኝ ድረስ ስንት ነገር እንፈታለን። ለብዙዎቹ ይህ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ማን ያወጣቸዋል? ብርድ አለ፣ ምች አለ፣ የሰው ዓይን አለ። እናትየዋ ልታወጣው ብትል አያቱ «አግቢው!» ይላሉ። ስለዚህ እኔ የምመክረው አያቲቱን ነው። ከእናት ጋር ካልመጡ ይጠሩልኝ እላለሁ። እሳቸው ካመኑ ህፃኑ ፀሐይ ያያል።

ደግሞም አገራችንን እንወቅ። ጎንደር ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፣ ከፍታዋም ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አውሮፓ በክረምቱ ለወራት የሚያጣውን ጨረር እኛ ከደጃችን እናገኘዋለን። ችግራችን የፀሐይ እጥረት አይደለም፤ በር መዝጋታችን ነው።

አሁን ወደ ጠብታው ልምጣ። ያዝዛሉ እንበል። ከአዘዞ ወይም ከደንቢያ የመጣች እናት ወረቀቱን ይዛ ፒያሳ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ትዞራለች። አንዱ የለም ይላታል። ሌላው ዋጋ ይነግራታል፤ ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። ለአንድ ወር ብትገዛ እንኳ ለ12 ወር አትገዛም።

ያገኘችውም ሌላ ጣጣ አላት። ዘመድ ከውጭ የላከላት ጠርሙስ ይዛ የምትመጣ አለች። አንዱ ጠርሙስ 400 ዩኒት የሚሰጠው በአንድ ሚሊ ሊትር ነው። ሌላው ያንኑ 400 በአንዲት ጠብታ ይሰጣል። ሁለቱም «ለህፃናት» ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ሁለቱም ትንንሽ ጠርሙሶች ናቸው። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ነው። የሁለተኛውን በሚሊ ሊትር የሰጠች እናት ስንት እጥፍ እንደሰጠች አስቡት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2010 ስለዚሁ የጠብታ ስህተት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ሪኬትስ ሁሉስ ከቫይታሚን ዲ ነው የሚመጣው? በ1999 የወጣ የናይጄሪያ ጥናት ፀሐይ የማያጡ ልጆች በካልሲየም እጥረት ሪኬትስ እንደሚይዛቸው አሳይቷል፤ ለእነሱ ከቫይታሚን ዲ ይልቅ ካልሲየም ነበር የሠራላቸው። ጡት የተወ ልጅ ወተት ካላገኘ ጠብታው ብቻውን ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ጠብታው ያለጊዜው ለተወለደው፣ ክብደቱ ላነሰው፣ ከቤት መውጣት ለማይችለው ይሰጥ። ለቀረው ፀሐይን በትክክል እናስተምር።

ዶክተሯ፦

ሲስተር፣ የጠርሙሱ ነገር ለእኔ ነው የሚመሰክርልኝ። ማዘዣ ላይ «ቫይታሚን ዲ ጠብታ፣ በቀን አንድ ጊዜ» ብሎ የሚጽፈው ማን ነው? ሐኪሙ ነው። ዩኒቱን ጽፎ፣ ጠርሙሱን አይቶ፣ ስንት ሚሊ ሊትር ወይም ስንት ጠብታ እንደሆነ በአማርኛ ቢጽፍላት እርስዎ የሚፈሩት አይደርስም። እውቀት የምለው ይህንን ነው።

አርባና ሰማንያ ቀኑንም አንስተዋል። ሴቷ ልጅ 80 ቀን ሙሉ ፀሐይ ካላየች ምክራችን ገና ሳትጀምረው ሦስት ወር ሊሞላት ነው። በሰኔ የተወለደችማ ክረምቱ በደመናው ይዟት መስከረም ላይ ይጥላታል። ይህ ለጠብታው የሚከራከር ማስረጃ ነው፤ ለፀሐዩ አይደለም።

ፀሐይን በትክክል እናስተምር አሉ። ስንት ደቂቃ ብለን? ብዙ መጽሐፍ ላይ ያለው ልኬት፣ ዳይፐር ብቻ ለብሶ በሳምንት 30 ደቂቃ የሚለው፣ በ1985 ሲንሲናቲ ውስጥ ከነጭ ህፃናት የተወሰደ ነው። ለጎንደር ህፃን ቆዳ፣ በጎንደር ፀሐይ፣ ማንም ደቂቃ ቆጥሮ አልሰጠኝም። 400 ዩኒት ግን 400 ዩኒት ነው።

እውቀት ካለበት አገርም መረጃ አለ። በ2010 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በወጣ ጥናት፣ ጡት ለሚጠባ ህፃን ሁሉ ቫይታሚን ዲ እንመክራለን ያሉት የህፃናት ሐኪሞች ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። መመሪያው በእጃቸው ነበር፣ መድኃኒቱም በየሱቁ። ብዙዎቹ ወላጆች ደግሞ የጡት ወተት ሁሉንም አሟልቶ ይዟል ብለው ያምኑ ነበር። ሐኪሙ ካልነገራቸው ማን ሊነግራቸው ነው?

ሲስተር፦

በየሱቁ ያለው አገርና እኛ አንድ አይደለንም፣ ዶክተር። ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር ጀምሮ በዓመት ሁለቴ ለህፃናት የሚደርሰው ሐኪም ሁሉ ስላጠናው አይደለም። ካፕሱሉ በነፃ ጤና ጣቢያ ስለሚመጣ ነው። እኔ ቀድጄ አፉ ላይ አንጠባጥባለሁ፣ ካርዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ አለቀ። ቫይታሚን ዲውም በአንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ በአንድ ልክ፣ በነፃ ክትባት ክፍሌ ይግባ። ያን ጊዜ ከእርስዎ ቀድሜ እሰጣለሁ። እስከዚያ ሁሉም ይታዘዝለት ማለት ላለው አዝዞ የሌለውን ማሸማቀቅ ነው።

ዶክተሯ፦

በነፃ ይምጣ በሚለው ከእርስዎ ጋር ሆኜ እጮሃለሁ። እስኪመጣ ዝም እንበል በሚለው ግን አልስማማም። ሐኪሞች የማያዝዙትን መድኃኒት መድኃኒት ቤት አያስመጣም፣ ጤና ቢሮም በጀት አይዝለትም። በየወሩ ስንት ህፃን እንደሚያስፈልገው በማዘዣችን ካልታየ ማን ይቆጥረዋል? መግዛት ለማትችለዋ እናት በዚያው ወረቀት ጀርባ የፀሐዩን ሰዓት ይጻፍላት፤ ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ እጅና እግሩ ተገልጦ፣ ዓይኑ ተከልሎ፣ ቆዳው ሳይቃጠል። ይህንን አንድ ገጽ ለመጻፍ ሐኪሙ የግድ ማወቅ አለበት። እኔ የምጠይቀው እሱን ነው።