ይድረስ ለሾፌሩ በር ቁልፍ

ጉዳዩ፦ አልዞርም ስለማለትህ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ፊት ለፊትህ፣ ከውጭ በኩል ቆሜ ነው። ውስጥ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ መጻጻፍ ባላስፈለገን።

መቼም ጥጋብህ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ዓመታት ሙሉ በሪሞት ስከፍት ስዘጋ ከረምኩ፤ አንተን ዞር ብዬ አላየሁህም። ዛሬ የመኪናው ባትሪ ሞተና ሪሞቱን ብጫን ብጫን ድምፅ የለም። ባትሪው ያለው ኮፈኑ ስር፣ የኮፈኑ መክፈቻ ያለው መሪው ስር፣ ወደ መሪው የሚያስገባው ደግሞ አንተ። እንዲህ ያለ ቀን ስትጠብቅ ነበር አይደል? ከሪሞቱ ሆድ ውስጥ ቁልፉን መዝዤ ሰካሁልህ፤ እስከ አንገቱ ዋጥከው። ላዞረው ስል ግን ድንጋይ ሆንክ።

አቤት እንዳልል እንኳ ቋንቋው አልተባበረኝም። እጄ ላይ ያለው «ቁልፍ»፣ በሩ ላይ የተጎለትከው አንተም «ቁልፍ»። «ቁልፉ እምቢ አለ» ብል «የትኛው?» እባላለሁ። በአንድ ስም እየተጠራችሁ ጥፋቱን ትቀባበላላችሁ።

ለማጣራት ብዬ ተጠባባቂውን ቁልፍ አማላጅ አድርጌ አስመጣሁ። እሱ ቢሳካለት ኖሮ ጥፋቱ የመጀመሪያው ቁልፍ ይሆን ነበር፤ ጥርሱ በአገልግሎት ያለቀ ቁልፍ መግባቱን ይገባል፣ ማዞሩ ላይ ነው የሚሰንፈው። ከኮፒ ላይ የተቀረጸ ኮፒማ እንደ አሉባልታ ነው፤ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጣመማል። ሥራቸውን የሚያውቁ ቁልፍ ቀራጮች ካረጀው ቁልፍ ይልቅ ከፋብሪካው ኮድ መቅረጽ የሚመርጡት ለዚህ ነው። የእኔ አማላጅ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ መሳቢያ ውስጥ የኖረ፣ አንድ ቀን ሥራ ያልነካው ነው። እሱንም አሳፍረህ መለስከው። ስለዚህ ጥፋተኛው አንተ ነህ።

ገመናህን ላውጣው? ሆድህ ውስጥ ስስ ስስ የብረት ምላሶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ትንሽ ሞላ ይገፋቸዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ ምላሶቹን እያንዳንዳቸው በልካቸው ያሰልፏቸዋል፤ ሁሉም ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆኑ ብቻ ትዞራለህ። በሙሉ ድምፅ ካልሆነ የማይወስን ኮሚቴ ነህ ማለት ነው። አንድ አባል አቧራና የደረቀ ቅባት ውስጥ ተኝቶ ከቀረ ስብሰባው ይበተናል፣ እኔም ውጭ አድራለሁ። ሌባ ደግሞ ይህን ሁሉ ኮሚቴ ትቶ በመስኮት ይገባል። የምታግደው ባለቤቱን ብቻ ነው።

አማካሪ አልጠፋም። አንዱ «በፒንሳ ይዘህ ጠምዝዘው» አለኝ። ቁልፉ ጉሮሮህ ውስጥ ቢሰበር ያኔ አንተ አሸነፍክ፤ ፒንሳውን መለስኩለት። ሌላው ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን የሚረጭ ዘይት ይዞ ደረሰ። ይህ ነገር በ1953 እ.ኤ.አ. ውኃን ከብረት ለማራቅ የተቀመመ ነው፤ ስሙ ላይ ያለው 40 የተሳካው በአርባኛው ሙከራ መሆኑን ነው የሚናገረው። ለጊዜው የተጣበቀህን ሊያላቅቅህ ይችላል። ነገር ግን ውስጥህ የሚቀረው ዘይት አቧራ መጥራቱ ስለማይቀር ከወራት በኋላ ለዚሁ ደብዳቤ ሁለተኛ ክፍል ልጽፍ ነው። የፈለግሁት ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነበር፣ ያው እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር። ሁለቱን መደባለቅማ ጭቃ ማቡካት ነው።

ዱቄቱን በቀዳዳህ ነፋሁልህ። ቁልፉን አስገባሁ፣ አወጣሁ፣ አስገባሁ፤ የተኙትን አባላት መቀስቀሴ ነበር። ከዚያ ጫፍ ድረስ ካስገባሁት በኋላ ፀጉር ታክል ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ፣ በሩን በጉልበቴ ገፋ አድርጌ፣ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ። ሰላሳ ጊዜ ያህል ለመንኩህ። እየዞርክ በሩ ባይከፈት ኖሮ ይቅርታ እጠይቅህ ነበር፤ ያኔ ጥፋቱ በሩ ውስጥ የወለቀው ዘንግ ነውና። አንተ ግን ፍንክች!

ተስፋ ቆርጬ እጄን ላነሳ ስል ቀጭ አልክ። ቀጭ! ምንም እንዳልተፈጠረ። አማካሪዎቹ ከሄዱ በኋላ መሆኑ ሳያንስ፣ ባለ ፒንሳው ተመልሶ መጥቶ «አላልኩህም?» አለኝ።

ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ አንድ ቀን በሪሞቱ ሳይሆን በአንተ እከፍታለሁ። ይህ ፍቅር አይምሰልህ፤ ቁጥጥር ነው።

ከሰላምታ ጋር
ጉልበቱ የበለዘው ባለቤትህ

ግልባጭ፦
ለተጠባባቂው ቁልፍ፣ መሳቢያ ውስጥ
ለኋላው የሻንጣ ማስቀመጫ ቁልፍ፣ ግራፋይቱ እንዳላለቀ እንዲያውቅ
ለተሳፋሪው በር፣ ቀዳዳ ስለሌለው ለመረጃ ያህል ብቻ